ሴንሰሯ ናት አሉኝ

መካኒኩ የሴንሰሯን ሽቦ በፒንሳ ቆርጦ ጫፏን በጥቁር ቴፕ ጠቀለለ። ኮፈኑን ጓ አድርጎ ዘጋና ወደ ወንድሜ ዞሮ «አለቀ» አለው። መኪናዋ የእኔ ናት። ሊብሬዋ ላይ ያለው ስም የእኔ ነው። ነድቼ ያመጣኋት እኔ፣ ስለ ጭሷ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ያስረዳሁት እኔ። «አለቀ» የተባለው ግን ለወንድሜ ነው፤ እሱ ደግሞ ፍሬንና ፍሪሲዮን በቅጡ የማይለይ ሰው ነው። ደሜ ፈላ።

የተናደድኩት በመካኒኩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። መካኒክ ያልተናደደበት ባለ መኪና ሐረር ውስጥ የለም። እኔን እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው፤ ለማስረዳት ግን ከመኪናዋ መጀመር አለብኝ።

መኪናዋ ከማስተምራቸው ልጆች ሁሉ በዕድሜ ትበልጣለች። ከድሬዳዋ ከሦስተኛ ባለቤቷ የገዛኋት ነጭ የጃፓን የቤት መኪና ናት። ለእኔ ትምህርት ቤት መመላለሻ ባጃጅ ይበቃኝ ነበር፤ የገዛኋት ለአክስቴ ነው። እናታችን ስትሞት እኔንና ወንድሜን ወስደው ያሳደጉን እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም ሦስታችን ጀጎል ውስጥ በእሳቸው ቤት እንኖራለን። አክስቴ አንዲት ታላቅ እህት አሏቸው። እኚህ እህት ገና በልጅነታቸው ከሐረር ወጣ ብሎ ድሬ ጠያራ ለኦሮሞ ገበሬ ተድረው እዚያው ወልደው፣ እዚያው አርጅተዋል። አሁን መርሳት ጀምረዋል። መጀመሪያ ዕቃ ያስቀመጡበትን ረሱ፤ ቀጥሎ የልጅ ልጆቻቸውን ስም፤ ከዚያ ዙሁር ሰግደው ጨርሰው እንደገና ዙሁር ለመስገድ ውዱእ ማድረግ ጀመሩ። አክስቴን ግን አልረሱም። በየሳምንቱ ቅዳሜ አክስቴ እዚያ ሄደው ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ያስቀምጧቸውና ጸጉራቸውን በዘይት እያሹ ያበጥሩላቸዋል። እህታቸውም ገና ድምፃቸውን ሲሰሙ በልጅነት ቋንቋቸው በሐረሪ «መጣሽ?» ይላሉ። እዚያ ቤት ሐረሪ የሚናገር ሌላ ሰው የለም።

«በሳምንት አንድ ቀን ካላየችኝ እኔንም ትረሳኛለች» ይሉ ነበር አክስቴ። ይህን የሚሉት የገበያ ቀን እንደሚነግሩን ሁሉ ረጋ ብለው ነው። ስለዚህ ቅዳሜ አይቀርም ነበር።

የቤታችን መታጠፊያ ላይ ከድንጋይ ንጣፉ ከፍ ያለ አንድ ድንጋይ አለ። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር የመኪናዋን ሆድ ይፍቅ ነበር። ጀጎል ውስጥ መኪና የሚያስገባ ሰው ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል፤ መፍትሔውም የታወቀ ነው። በያጅ ጋ ትሄዳለህ፣ ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ቱቦ፣ ከፊት በኩል ይቆርጠዋል፣ ከፍ አድርጎ መልሶ ይበይደዋል። ጎረቤቶቼ ሁሉ አድርገውታል። እኔም ሄጄ «ከፍ አድርግልኝ» አልኩት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ድንጋዩ መፋቁን ተወ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነገሩን ረሳሁት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። አንደኛው ጭስ ነው። ሸዋ በር ላይ ቆሜ ስነሳ ከኋላዬ ጥቁር ጭስ ይዘረጋል። ጫት ሻጮቹ በሻርፓቸው አንዴ አፍንጫቸውን፣ አንዴ ጫታቸውን ይሸፍናሉ። አንድ የሚኒባስ ረዳት «መምህር፣ መኪናሽ በከሰል ነው እንዴ የምትሄደው?» ብሎ ገበያውን ሁሉ አሳቀብኝ። ቤንዚን እንደ ውሃ ትጠጣ ጀመር፤ ዳሽቦርዱ ላይ ብርቱካናማዋ የሞተር መብራት በራች።

ሁለተኛው የአክስቴ ራስ ምታት ነው።

አክስቴ ጉልበታቸው አይታጠፍም። ስለዚህ ከኋላ ወንበር ላይ እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። መስኮቶቹ ይዘጋሉ። በእኛ አገር መኪና ውስጥ ከሞት ቀጥሎ የሚፈራው ንፋስ ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ ላብ በላብ ሆነን ታፍነን እንሄዳለን እንጂ አንድ ሰው መስኮቱን ጣት ታህል ቢከፍት ከአሥር አቅጣጫ «ዝጋው!» ይባላል። የሹፌሩ መስኮት ብቻ ነው ዝም የሚባለው። ወንድሜ ደግሞ የዚህ ጉዳይ ዋና ዘበኛ ነው። ከፊት ከእኔ ጎን ይቀመጥና ዞሮ የኋላዎቹን መስኮቶች አንድ በአንድ ያረጋግጣል፤ አክስቴን በነጠላ እስከ አፍንጫቸው ይጠቀልላቸዋል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ድሬ ጠያራ ስንደርስ አክስቴ ግንባራቸውን ይዘው ወረዱ። ከዛፉ ሥር ትንሽ ከተቀመጡ በኋላ ተሻላቸው። በሁለተኛው ቅዳሜ ስንመለስ አስመለሳቸው።

«መኪናዋ ናት» አሉ። «ጋዝ ጋዝ ይሸተኛል። ራሴን ለሁለት ልትከፍለው ነው።»

«ንፋስ መትቶዎት ነው» አለ ወንድሜ።

«ንፋስማ ባገኘሁ!»

ሳቅን። ሁለታችንም ሳቅን። እንዲያውም በሚቀጥለው ሳምንት ይህን ለጎረቤት እንደ ጨዋታ አወራሁት።

ጋራዡ ከግንቡ ውጪ አዲሱ ከተማ ውስጥ ነው። ለብቻዬ ስሄድ መካኒኩ «ባለቤትሽ የለም?» አለኝ። የለም። «ወንድምስ?» አለኝ። አለ። «እሱ ይምጣልኛ።» ስለዚህ ሰውየውን ከሥራው አስፈቅጄ እየጎተትኩ እወስደዋለሁ፤ ወንድሜ እጁን ኪሱ ከትቶ ይቆማል፤ እኔ አወራለሁ፤ መልሱ ለእሱ ይሰጣል። በመጀመሪያው ጉዞ መካኒኩ ለሞተሩ ብልጭታ የሚሰጡትን ካንዴላዎች ፈታ። አራቱም በደረቅ ጥላሸት ጠቁረዋል።

«ቤንዚን በዝቶባታል» አልኩ። «አየርና ቤንዚኑ አልተመጣጠነም።»

«አቦ መምህር፣ ይሄ ብላክቦርድ አይደለም» አለና ወደ ወንድሜ ዞሮ «ካንዴላ ይቀየር» አለ።

ካንዴላ ተቀየረ። በሳምንቱ አዲሶቹም ጠቆሩ። በሁለተኛው ጉዞ «ሴንሰሯ ናት» ተባለ። ይቺ ሴንሰር በጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ የተሰካች የአውራ ጣት የምታህል ነገር ናት። ሥራዋ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ውስጥ ኦክስጅን ተርፎ እንደሆነ ማሽተት ነው። ኦክስጅን ካገኘች «አየር በዝቷል፣ ቤንዚን ጨምር» ብላ ለኮምፒውተሩ ትነግረዋለች፤ ካጣች ደግሞ «ቀንስ» ትለዋለች። ከድሬዳዋ ሌላ ሴንሰር አስመጥቼ ተገጠመ። ጭሱ ያው ነው። እንግዲህ ሁለት ሴንሰር አንድ ዓይነት ነገር ከተናገረ ሌላ ቦታ መፈለግ አልነበረብንም? «ሌላ ቦታ አይፈተሽም ወይ?» አልኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

በሦስተኛው ጉዞ ነው ሽቦዋን የቆረጣት። እውነትም ጭሱ ቀነሰ። ኮምፒውተሩ ነጋሪ ሲያጣ በልማዱ መሥራት ይጀምራል፤ ለዚህ ነው የቀነሰው። መካኒኩ ግን «አየህ? እሷ ነበረች የምትዋሸው» አለው ለወንድሜ። የበራችው መብራትስ? «ፕላስተር ለጥፉባት።»

ወንድሜ እዚያው ፕላስተር ገዝቶ ለጠፈባት።

መኪናዋ ተሠራች ተብላ በዚያው ቅዳሜ አክስቴን ይዘን ወጣን። መስኮቱ ዝግ፣ ነጠላው ጥብቅ። ስንደርስ አክስቴ ከመኪናው ሲወርዱ ጉልበታቸው ከዳቸውና እጄ ላይ ወደቁ። ፊታቸው ቀልቷል። እህታቸው ከዛፉ ሥር ሆነው «መጣሽ? መጣሽ?» እያሉ ሲጣሩ መልስ መስጠት አቃታቸው። በኋላ ሲሻላቸው በደከመ ድምፅ «ልጄ፣ ወላሂ መኪናዋ ናት» አሉኝ።

«መኪናዋማ ተሠርታለች» አልኳቸው። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት። ወንድሜ አይደለም።

ማታ ወንድሜ ውሳኔውን ተናገረ። አክስቴ አርጅተዋል፤ መንገድ አይችሉም፤ ከእንግዲህ ድሬ ጠያራ የለም፤ ስልክ አለ፣ በስልክ ይጠይቋቸው። አክስቴ «እሷ ስልክ አታውቅም፤ ትረሳኛለች» አሉ። እሱ «ጤናዎ ይበልጣል» አለ። እኔን አዩኝ። እኔም «እውነቱን ነው» አልኩ። አክስቴ ተነስተው ዒሻቸውን ሰገዱ።

ስድስት ቅዳሜ አለፈ። አክስቴ በየቅዳሜው ጠዋት ለብሰው፣ የጸጉር ዘይቷን በፌስታል ጠቅልለው በር አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ረፋዱ ላይ ልብሳቸውን ይቀይራሉ። በስልክ ሞከሩ። የእህታቸው የልጅ ልጅ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ስታደርግላቸው እህታቸው ከዕቃው የሚወጣው ድምፅ አስፈርቷቸው ገፉት። በአራተኛው ሳምንት ልጅቷ «እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ መቼ ነው የምትመጣው እያሉ ይጠይቁ ነበር፤ አሁን ግን ትተውታል» አለችን። አክስቴ ይህን ሰምተው ስልኩን መለሱልኝና ወደ ጓዳ ገቡ።

የማስተምረው ኬሚስትሪ ነው። እባክህ አንባቢዬ ይህን ልብ በል። ከስድስተኛው ቅዳሜ በኋላ በዋለው ሰኞ ጠዋት፣ ሙሉ ስላልሆነ መቃጠል እያስተማርኩ ነበር። ይህን ትምህርት በየዓመቱ አስተምረዋለሁ፤ በቃሌ ነው የምለው። ነዳጅ በዝቶ አየር ሲያንስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል ብዬ ጻፍኩ። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ የተዘጋ ቦታ ውስጥ ይገድላል አልኩ። «ምልክቶቹን ጻፉ፤ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የጉልበት መክዳት። ሰውየው ንጹሕ አየር ወዳለበት ሲወጣ ይሻለዋል።» ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። ያንን የምልክት ዝርዝር ለስንት ዓመት ለስንት ልጅ አስጽፌያለሁ፤ ቤቴ ውስጥ አንዲት ሴት አንድ በአንድ ቆጥራ ስትነግረኝ ግን «ተሠርታለች» ብያታለሁ። በጋራዥ «አትሰሙኝም» ብዬ የማላሰማው ጩኸት የለም፤ እኔ ግን ማንን ሰማሁ? ራሴን በጥፊ ማለት አማረኝ።

ከትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ የቮልት መለኪያውን በፊርማ ተውሼ በቀጥታ ቤት ገባሁ። አክስቴ ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል።

«አክስቴ፣ መኪናው ውስጥ የሚሸትዎት ከየት በኩል ነበር?»

«አሁን ገና ጠየቅሽኝ?» አሉ።

ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ። ከበር ውጪ ወደቆመችው መኪና ሄዱ፤ የኋላውን በር አስከፈቱኝና ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ አንድ ቦታ ተከሉ። «ከዚህ። ከእግሬ ሥር። ሙቀቱም ይሰማኝ ነበር።»

ምንጣፉን ገለጥኩ። ወለሉ ዝጎ የሻይ ማንኪያ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፍቷል፤ በቀዳዳው የመንገዱ ድንጋይ ይታያል። ዳሩ ጠቁሯል።

የተቆረጠችውን ሽቦ ልጬ መልሼ አገናኘሁና መለኪያውን ሰካሁባት። ሞተሩ ሲሞቅ የጤነኛ መኪና ሴንሰር ቁጥሯ ከዜሮ እስከ አንድ ቮልት ወጣ ወረድ ማለት አለበት። የእኔዋ ከታች ከዜሮ አጠገብ ተጣብቃ ቀረች። «አየር በዝቷል» እያለች ነው። ካንዴላ ፈታሁ፤ ከሰል መስሏል። እሱ ደግሞ «ቤንዚን በዝቷል» ይላል። መካኒኩ ከሁለቱ አንዷን ውሸታም አድርጎ ቆረጣት። ሁለቱም እውነት ቢናገሩስ? ከሞተሩ ሲወጣ ቤንዚን የበዛበት ጭስ ሴንሰሯ ጋ ከመድረሱ በፊት በመንገድ ላይ አየር ቢቀላቀልበትስ?

እርጥብ ጨርቅ ወስጄ የጭስ መውጫውን ከኋላ ለአፍታ አፈንኩት። ከመኪናዋ ሆድ ስር ፍስ፣ ፍስ፣ ፍስ የሚል ድምፅ መጣ። ሞተሩን አጥፍቼ፣ እስኪበርድ ጠብቄ፣ ያረጀ ጆንያ አንጥፌ በጀርባዬ ገባሁ። በያጁ ቱቦውን ቆርጦ የቀጠለበት ቦታ ላይ፣ ከሴንሰሯ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ብየዳው ግማሽ ክቡን ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ሞተሩ በተነፈሰ ቁጥር ጭስ ወደ ውጪ ይተፋል፤ በትንፋሾቹ መካከል ደግሞ የውጪ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ሴንሰሯ የምታሸተው ያንን አየር ነው። እሷም «ቤንዚን ጨምር» ትላለች፤ ኮምፒውተሩም ይጨምራል፤ የተጨመረው በደንብ ሳይቃጠል ይወጣል፤ ከወጣውም እኩሌታው በስንጥቁ አምልጦ በአክስቴ እግር ሥር ባለው ቀዳዳ ወደ ተዘጋችው መኪና ይገባል። ሽቦዋ ተቆርጣ ጭሱ ሲቀንስም ስንጥቁ እየሰፋ ስለነበር አክስቴን አልጠቀማቸውም። ይህ ሁሉ የመጣው «ከፍ አድርግልኝ» ካልኩ ወዲህ ነው። ጥፋቱን የምጥልበት ሰው ፍለጋ እዚያው በጀርባዬ ተኝቼ ብዙ አሰብኩ፤ ከራሴ ሌላ አልመጣልኝም።

ማክሰኞ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ተቀየረ፤ ወለሉ በላሜራ ተደፈነ። ከመቀየሩ በፊት ጋራዡ ውስጥ የተሰነጠቀውን ብየዳ ለመካኒኩ ሳሳየው ዝቅ ብሎ አየና ለወንድሜ «ማርሚታው ነው፤ እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለው። ወንድሜ እስካሁን ይገርመኛል፤ «ለእሷ ንገራት» አለው። መካኒኩ ግን መፍቻውን መጥረግ ጀመረ። ሴንሰሯ ተመልሳ ስትገጠም መለኪያው ላይ ቁጥሩ ወጣ ወረድ ማለት ጀመረ። ፕላስተሩን ከዳሽቦርዱ ላጥኩት። ከሥሩ ያለችው መብራት ጠፍታ ነበር።

ቅዳሜ ወጣን። በዚህ ጊዜ አክስቴን ከፊት፣ ከእኔ ጎን አስቀመጥናቸው፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍተን እግራቸውን አስዘረጋናቸው። የዘይቷ ፌስታል ጭናቸው ላይ ናት። መንገዱን በሙሉ ሲያወሩ፣ ማሳውን እያዩ የማን እንደሆነ ሲነግሩን ሄዱ። ስንደርስ ያለ ማንም ድጋፍ በራሳቸው ወረዱ።

እህታቸው ከዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። አክስቴ ገና ከሩቅ በሐረሪ ሰላምታ እያቀረቡ ሄዱ። እህታቸው ቀና ብለው አዩ። ከላይ እስከ ታች አይተው ወደ ልጅ ልጃቸው ዞሩና በኦሮምኛ «ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» ብለው ጠየቁ።

ልጅቷ ልትናገር አፏን ስትከፍት አክስቴ በእጃቸው ምልክት ዝም አሰኟት። እሳቸውም በኦሮምኛ «እንግዳ ነኝ» አሏቸው። «ጸጉርዎን ላበጥርልዎት?»

ለእህታቸው ነው «እርስዎ» ያሉት። አብረው ላደጉ፣ አንድ ምንጣፍ ላይ ለተኙ እህታቸው።

እህታቸው ትንሽ አስበው እሺ አሉ። አክስቴ ከኋላቸው ተቀምጠው ዘይቷን ከፍተው እያሹ አበጠሩላቸው፤ ሲጨርሱም ሻሻቸውን አሰሩላቸው። እህታቸው እንደ ማንኛውም እንግዳ በትሕትና አመሰገኗቸው። የዐስር ሰላት ሲቃረብ ተነሳን።

በመመለሻው ልናገር ብዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፤ «አክስቴ፣ ይቅር…» ከሚለው ማለፍ አልቻልኩም። ሸዋ በር ልንደርስ ስንል አክስቴ በራሳቸው ጊዜ ተናገሩ።

«ዛሬ ራሴን አላመመኝም» አሉ።

በእሳቸው በኩል ያለው መስኮት እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነጠላቸውን ንፋስ ያውለበልበዋል። ወንድሜ ከኋላ ሆኖ በልማዱ ሊዘጋው እጁን አሳልፎ ዘርግቶ ነበር። መልሶ ሰበሰበው።